ሐዲዱ ተነጥፏል፤ የጠፋው በጀቱ ነው

ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ አለ። የኤሌክትሪክ ሽቦው ተዘርግቶለታል፤ የመንገደኛ ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲበርበት ታስቦ ተሠርቷል። ገንዘቡ በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደረ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው። ይኸው ግብር ከፋይ ግን ከቢሾፍቱ ተነስቶ አዲስ አበባ ሥራ ለመግባት ገና ሳይነጋ ሚኒባስ ይጋፋል። ማታ ደግሞ ቃሊቲ ላይ ተሰልፎ የታሪፉን እጥፍ ይጠየቃል።

በ2010 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር በሰበታ፣ በለቡ፣ በእንዶዴ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ ጣቢያ አለው። ሥራው ግን ጭነት ማመላለስና ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ የሚሄድ የሩቅ መንገደኛ መጫን ነው። ጠዋት ገብቶ ማታ የሚመለሰውን ሠራተኛ ያሰበው የለም። አንድ ተማሪ አዳማ ይማር፣ አንዲት ነርስ ሞጆ ኖራ አዲስ አበባ ትሥራ ቢባል፣ ሐዲዱ በደጃቸው እያለፈ ምርጫቸው አስፋልቱ ብቻ ነው።

የዚህ ጥፋት በባቡር ኩባንያው ላይ ብቻ የሚደፈደፍ አይደለም። ኩባንያው 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። የቢሾፍቱን ሠራተኛ በርካሽ ትኬት አመላልሶ ኪሳራውን ይሸከም ማለት፣ ከኪሳራው ሩቡን ጅቡቲ ትክፈል ማለት ነው። ጅቡቲ በምን ዕዳዋ? አገልግሎቱን የሚፈልገው የኢትዮጵያ መንግሥት ከሆነ፣ በውል ገዝቶ ዋጋውን ከበጀት መክፈል አለበት። ሌላ አገር ያለው የጠዋትና የማታ ባቡርም ቢሆን በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በትኬት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ይደጉመዋል።

እዚህ ጋ «ባቡር ራሱን ይቻል» የሚሉ ይነሳሉ። ለመሆኑ የትኛው ቀለበት መንገድ፣ የትኛው ማሳለጫ ነው ራሱን የቻለው? መንገድ በየዓመቱ ከካፒታል በጀቱ ትልቁን ድርሻ ከሚወስዱት አንዱ ነው። ለአስፋልት ሲሆን «ልማት»፣ ለባቡር ሲሆን «ኪሳራ» የሚባልበት ሂሳብ የማን ሂሳብ እንደሆነ ማንም አስረድቶ አያውቅም። የከተማ አውቶቡስ ይደጎማል፤ ነዳጅ ለዓመታት ተደጉሟል፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነዳጅ። ባቡሩ የሚሄደው አገር ውስጥ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው።

«የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርስ ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ መሸሽም አያስፈልግም። በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከግማሽ በላዩ ቆመ። ምክንያቱ ሕዝብ ጠልቶት አይደለም፤ ሰው እንደ ሰርዲን ታጭቆ ነበር የሚሄድበት። ለግንባታው ብድር ሲፈለግ፣ ለመለዋወጫው በየዓመቱ የሚመደብ ብርና ዶላር አብሮ አልታሰበም። ትኬቱ መጀመሪያ ላይ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር፤ በዚያ ገንዘብ የባቡር ጎማ አይቀየርም። ይህ ታሪክ ለባቡር በጀት መከልከያ ሆኖ ሲጠቀስ መስማት ይገርማል። በሽተኛው በረሃብ ሞተ ተብሎ ለሚቀጥለው ምግብ አይከለከልም።

በእርግጥ ሐዲዱ ብቻውን አይበቃም። ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ መሃል የራቁ ናቸው። የድሮው ባቡር ሰዉን ለገሃር ድረስ ያስገባው ነበር፤ አዲሱ ለቡ ላይ ያራግፈዋል። ቀላል ባቡሩም ለቡ አይደርስም፤ በቅርብ ዓመታት ልዩነት የተሠሩ ሁለት ባቡሮች በአንድ ከተማ ሳይገናኙ ይኖራሉ። ይህን ማን ፈርሞ እንዳሳለፈው ቢጠየቅ ጥሩ ነበር። አሁን ግን መፍትሔው ቅርብ ነው፦ የባቡሩን ሰዓት ጠብቀው ከለቡ፣ ከእንዶዴና ከቢሾፍቱ ጣቢያ የሚነሱ አውቶቡሶች፣ በአንድ ትኬት።

ጤናና ትምህርት ገንዘብ አጥተው ሳለ ለባቡር ይመደብ ማለት ቀላል እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የተጠየቀው ግን አዲስ ሐዲድ አይደለም። ጥቂት የአጭር ርቀት ባቡሮች፣ የመለዋወጫ ምንዛሪና የዓመት ሥራ ማስኬጃ ነው፤ ትልቁ ወጪ አስቀድሞ ወጥቷል፤ ባቡር ተሄደበትም አልተሄደበትም ዕዳው ይከፈላል። ደግሞም ቢሾፍቱ አጠገብ በዓመት እስከ 100 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ አውሮፕላን ማረፊያ እየመጣ ነው። ያ ሁሉ ሰውና ሠራተኛ በፍጥነት መንገዱ ብቻ ሊገባና ሊወጣ ነው?

መስመሩ አዲስ አበባንና ኦሮሚያን ያቋርጣል፤ ስለዚህ ፌዴራል መንግሥቱ፣ የከተማ አስተዳደሩና ክልሉ ድርሻቸውን ተካፍለው በስም የተለየ የበጀት ርዕስ ሊከፍቱለት ይገባል። የበጀት ረቂቁ ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት ምክር ቤት ይቀርባል። የሰበታ፣ የቢሾፍቱ፣ የሞጆና የአዳማ ተመራጮች ያን ቀን እጃቸውን አውጥተው «ለጠዋቱ ባቡር ስንት ተያዘ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ዜሮ ከሆነም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።