የልጁ ነው ወይስ የልጆቹ?

ሰሞኑን የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። «አያቴ፣ ‹ገርልስ ቡክ› የአንዷ ነው የብዙዎቹ?» አለችኝ። «በጆሮ አይለይም፤ ጭረቷን እያት» አልኳት። አፖስትሮፍ የሚሏት ጭረት ከኤስ በፊት ከሆነች የአንዷ፣ ከኋላ ከሆነች የብዙዎቹ ነው። «ቺልድረን» ግን ያለ ኤስ ብዙ ስለሆነ ጭረቷ ከኤስ ትቀድማለች።

በአማርኛችን «የልጁ» እና «የልጆቹ» በጆሮ ይለያሉ። ቢሆንም «የልጆች» ያሳስታል። እዚህ ሸዋ ሮቢት ሥራ ላይ ሳለሁ አንዲት እናት ለታመመ ልጇ የወባ ኪኒን ወሰደች። «የልጆች ነው» ተባለች። የልጆቿ ሁሉ መስሏት ለሁለት አካፈለችው፤ የታመመው ልጅ ትኩሳቱ አገርሽቶበት ተመለሰ። ደግነቱ ቶሎ ደረሰችልን።

«የልጆች መድኃኒት» ማለት ለልጅ የሚሆን ዓይነት ማለት ነው እንጂ የቤቱ ልጆች የጋራ ማለት አይደለም። የእንግሊዝኛው «ቺልድረንስ ሜዲስን»ም እንዲሁ ነው። ኮአርተም በልጁ ክብደት ተለክቶ ለሦስት ቀን የሚሰጥ ነው፤ ከተካፈለ ለማንም አይበቃም።

ወላጆች ሆይ፣ የይፋት ቆላ ወባ አይታመንምና «የልጆች ነው» ሲሏችሁ «የየትኛው ልጄ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙንም ፓኮው ላይ አስጽፉ።