ባሮን ከላይ እንጂ ከስክሪን አትጠብቁት

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ወሬ ይነሳል፦ «ትልቅ ኮምፒውተር ቢገዛ፣ የአውሮፓውያኑ ሞዴል ቢመጣ፣ ጋምቤላ በጎርፍ ባልተያዘች ነበር።» አልስማማም። ይህ ወሬ ሰው ያዘናጋል።

ሞዴል ምድርን በካሬ ይከፋፍልና የእያንዳንዱን ካሬ ሙቀት፣ ንፋስና እርጥበት ያሰላል። በብዙዎቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች የአንዱ ካሬ ጎን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እጅግ ጥሩ በሚባለው የአውሮፓ የዕለት ትንበያ እንኳ 9 ገደማ። ኢሉባቦር ላይ ከሰዓት በኋላ የሚቆለለው ደመና ግን ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሞቃት አየር ሽቅብ ወጥቶ ዝናብ የሚሆንበትን ይህን ሂደት፣ ኮንቬክሽን የሚሉትን፣ ሞዴሉ አያየውም። በቀመር ይገምተዋል። ከክረምታችን እርጥበት ከፊሉን የሚልክልን የሕንድ ውቅያኖስም ያው ነው፤ ሙቀት የሚያመላልሱት አዙሪቶች ብዙዎቹ ከትልቁ ካሬ ያነሱ ስለሆኑ እነሱም ይገመታሉ። የካሬውን ጎን በግማሽ ማሳነስ የስሌቱን ሥራ ስምንት እጥፍ ያህል ያደርገዋል። ሀብታሞቹም ገና እየታገሉ ነው።

ሞዴል ከንቱ ነው አላልኩም። ኤል ኒኞ ሲመጣ ክረምቱ ሊሳሳ እንደሚችል ከወራት በፊት የሚነግረን እሱ ነው። ለድርቅ ዝግጅት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኢታንግ ላለች እናት ግን «ከመደበኛ በላይ» የሚል ባለቀለም ካርታ ምን ይነግራታል? ልጆቿን ይዛ የምትወጣው በየትኛው ማክሰኞ ነው?

ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎሬ 2,000 ገደማ። የቢርቢርና የገባ ወንዞች ከዚያ ደጋ ወርደው ሲገናኙ ባሮ ይሆናሉ። ስለዚህ ከተማው ላይ ፀሐይ ወጥቶ ባሮ ሊሞላ ይችላል። በ2014 ክረምት ማብቂያ ባሮ ሞልቶ ሰው ሲያፈናቅልም ውሃው መንገድ ላይ ያሳለፋቸው ሰዓታት ነበሩ። ሞዴሉ ዝናቡን መገመት አለበት፤ ወንዙ ግን የዘነበውን ሁሉ ደምሮ ነው የሚመጣው። ደጋው ላይ የወንዝ ከፍታ መለኪያ፣ እሱን ሌሊትም የሚያነብ ሰው፣ ባትሪ ያለው ስልክ። ዋጋው ከሱፐር ኮምፒውተር ጋር ለንጽጽር አይቀርብም (ለፎቶ ስለማያምር ይሆን የማይወራለት?)።

እናም ስለ ኮምፒውተሩ ከመጨቃጨቃችን በፊት ለሚመለከተው ሁሉ ይህን ጠይቁልኝ፦ ዛሬ ሌሊት ቢርቢር አንድ ሜትር ቢጨምር ኢታንግ ላይ ለማን ይደወላል? በአኙዋክኛና በኑዌርኛስ የሚናገረው ማን ነው?