ደንገልና ታንኳ፥ ሕዝብና ታሪክ

የአገር ታሪክ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው የሚሄደው ወደ ነገሥታቱና ወደ ጦር ሜዳው ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ምን ይበላ፥ በምን ቋንቋ ይነጋገር፥ ውሃውን በምን ይሻገር እንደ ነበረ መመርመርም ራሱን የቻለ ትልቅ ዕውቀት ነው። ይኸው የማኅበራዊ ኑሮና የባህል ታሪክ ጥናት በአገራችን ምን ያህል እንደ ደረሰ ለመመዘን የጣና ዳርቻ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

በሐይቁ ደሴቶች ያሉት ገዳማት በሊቃውንት ዘንድ የታወቁ ናቸው። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ሊቅ የክብራን ገብርኤልን የብራና መጻሕፍት ዘርዝረው እ.ኤ.አ. በ1973 በጀርመን አገር አሳትመዋል። ብራናው አንድ ነገር ቢደርስበት እንኳ ምን እንደ ነበረ የሚነግረን መዝገብ አለ ማለት ነው።

በዚያው ሐይቅ ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩት፥ ጥንት ጉማሬ በማደን ይተዳደሩ የነበሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፥ ቋንቋቸው ከሌላው ሁሉ የተለየ መሆኑን ጽፏል። ሊጠይቃቸው ፈልጎ ሁለት ሰዎች በንጉሡ ትእዛዝ ቢቀርቡለት፥ በስቅላት ቢያስፈራሯቸውም መልስ አልሰጡም። ዩገን ሚትቮኽ እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ እነርሱ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ማርሴል ግሪዮል በዚያ ሲያልፍ አንድ ወይጦ በጠፋው ቋንቋ ዘፈነ፤ ዘፋኙ ራሱ ግን ከጥቂት የጉማሬ ብልቶች ስም በቀር ትርጉሙን አያውቅም ነበር። ዘፈኑንም የመዘገበው የለም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፥ ወይጦዎች ጉማሬ በመብላታቸው ክርስቲያኑም እስላሙም ይጸየፋቸው ነበር፤ የተናቀ ሕዝብ ቋንቋውን ለልጁ ማውረስ ቢተው አያስደንቅም። ሁለተኛ፥ በማስፈራራት የሚሰበሰብ ዕውቀት የለም፤ ተመራማሪው ተማሪ፥ ባላገሩ መምህር ካልሆነ መዝገቡ ባዶ ይቀራል።

ቋንቋው አልፏል፤ የእጅ ጥበቡ ግን ገና በሰዎች እጅ ላይ አለ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለመሻገር ሲነሣ፥ ደንገሉን ከጣና ወስዶ ሠሪዎቹን ከቻድ ሐይቅ አስመጣ። ዓለም ሣሩን አወቀ እንጂ የእኛን ታንኳ ሠሪ አላወቀም። ዛሬ ደግሞ ደንገሉ ራሱ እየተመናመነ ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እምቦጭ ሐይቁን ወርሮታል።

እንግዲህ ሥራው የማን ነው? ባሕር ዳር ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ፖሊቴክኒክ፥ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮም ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ከሩቅ የሚፈልግ ተማሪ ካለ፥ በእግሩ ሄዶ ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ። የሐይቅ ዳር መሬት የሚለካው ወጣት ሹምም ገመዱን ከመዘርጋቱ በፊት፥ በዚያ ማን እንደሚኖርና በምን እንደሚኖር ይጻፍ። ብራናውን የመዘገብን ሰዎች ታንኳ ሠሪውን ሳንመዘግብ ብንቀር፥ የጣናን ታሪክ ግማሹን ብቻ እናውቃለን።