ለትንሿ ቤት አንድ ፓውንድ

የእንግሊዝ ሙዚቃ ሲነሳ የኛ ዘመን ልጆች አፍ ላይ የሚመጡት ስሞች ይታወቃሉ፤ ኮልድፕሌይ፣ ኤድ ሺራን፣ አዴል። ሁሉንም ያወቅናቸው ስታዲየም መሙላት ከጀመሩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የት ነበሩ ብላችሁ ብትጠይቁ "ለንደን ነዋ!" የሚል አይጠፋም። ለንደንማ አለች። ግን ይህን ሁሉ ብቻዋን አልወለደችም።

እስቲ ካርታውን ዘርጋ እናድርገው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ ጉዳዩ የነሱ ስለሆነ)። ብላክ ሳባዝ የፋብሪካ ከተማ የበርሚንግሃም ልጆች ናቸው። የጃማይካን ስካ ከፓንክ ጋር ያጋባው ቱ ቶን የተባለው ሙዚቃ አሳታሚ በ1979 የተቋቋመው መኪና በምትሠራው ኮቨንትሪ ነው። ማሲቭ አታክ ከብሪስቶል ወጣ። ሳም ፌንደር ከሰሜን ምሥራቋ የኖርዝ ሺልድስ ከተማ ነው፤ በ2025 የመርኩሪ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ከለንደን ውጭ፣ ኒውካስል ላይ ሲዘጋጅ የወሰደውም እሱ ነው። የኛው ሙላቱ አስታጥቄ እንኳ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢንጂነሪንግ ይማር ተብሎ የተላከው ሰሜን ዌልስ፣ ሬክስሃም አጠገብ ወደሚገኝ ሊንዲስፋርን የሚባል ትምህርት ቤት ነበር። ኢንጂነሩ ቀረና ኢትዮ ጃዝ መጣልን።

እንግዲህ ከነዚህ ከተሞች የወጣ ባንድ ስታዲየም ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ቤት አለ። ትንሽ ነው፤ ጠባብና ጨለም ያለ፣ ከጀርባው መጠጥ የሚሸጥበት፣ መድረኩ ከወለሉ እምብዛም ከፍ የማይል። ሀል የምትባለው የወደብ ከተማ ውስጥ ያለውን አደልፊን ውሰዱ። በ1984 ተከፈተ። የሚገኘው ተራ መኖሪያ ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ነው። ሬዲዮሄድና ፐልፕ ዓለም ሳያውቃቸው እዚያ ተጫውተዋል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ልጆቹ በሠላሳ ሰው ፊት ክር ይበጥሳሉ፣ ግጥም ይረሳሉ፣ ጭብጨባ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ይማራሉ። ሚክሰር ላይ የተቀመጠውም ልጅ እኮ ሙያውን የሚለምደው እዚያው ነው። ይህን የሚተካ ኮሌጅ አናውቅም። ቲክቶክም አይተካውም፤ ቲክቶክ ላይ የተበላሸውን ደግሞ መቅዳት ይቻላላ!

ታዲያ እነዚህ ቤቶች እየተዘጉ ነው። የሚሟገትላቸው ሚውዚክ ቬኑ ትረስት የተባለው ድርጅት እንዳለው፣ በ2023 ብቻ 125 ትንንሽ ቤቶች ተዘግተዋል ወይም ላይቭ ሙዚቃ አቁመዋል። በዚያው ዓመት የቤቶቹ አማካይ ትርፍ 0.5 በመቶ ነበር። መቶ ፓውንድ ሲገባ ሃምሳ ሳንቲም ይቀራል ማለት ነው። ባዝ ከተማ ውስጥ ከ1978 ጀምሮ የቆየው ሞልስም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ተዘጋ። ኪራይ፣ መብራት፣ ግብር... አብዛኞቹ የሚሠሩት በሰው ቤት ነው፤ አከራዩ ዋጋ ሲጨምር መሄጃ የላቸውም።

ሌላም ጣጣ አለ። አልሚ ይመጣና ሙዚቃ ቤቱ አጠገብ አፓርታማ ያቆማል። አፓርታማውን የገዛው ሰው ገብቶ ሳምንት ሳይሞላው "ድምፅ ረበሸኝ" ብሎ ይከሳል። የዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ ዎማንቢ የሚባል ጠባብ መንገድ አላት፤ በ1983 የተከፈተው የዌልስኛ ተናጋሪዎች ቤት ክለብ ኢቮር ባክ ያለው እዚያ ነው። በ2017 መንገዱ እንዲህ ያለ አደጋ ሲያንዣብብበት የከተማው ወጣት ሆ ብሎ ተነሳ። በኋላ የዌልስ መንግሥት፣ በኋላ የመጣው ገንቢ የድምፅ መከላከያውን ወጪ ራሱ እንዲችል የሚል መርሕ በግንባታ መመሪያው ውስጥ አስገባ። ፍርድ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ መንገድ ጥቂት ደቂቃ በእግር ስትሄዱ ከ70 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው የካርዲፍ ስታዲየም ነው። ኦኤሲሶች ከ16 ዓመት በኋላ ታርቀው የመመለሻ ኮንሰርታቸውን ሐምሌ 4 ቀን 2025 የጀመሩት እዚያ ነው። እነዚህ ሰዎች የተገኙት የት ነበር? በ1993 ግላስጎው ውስጥ ኪንግ ታትስ የሚባል ትንሽ ቤት ሲጫወቱ አሳታሚው አለን ማጊ አይቷቸው ነው። (ኪንግ ታትስ እንኳ ትልቅ ኮንሰርት አዘጋጅ ከጀርባው አለለት። አደልፊ የለውም።) ዘሩ የተዘራው በትንሿ ቤት፣ አዝመራው የሚታጨደው በስታዲየሙ። አጫጁ ለዘሪው ምንም አይልክም።

ይላክ ነው የምንለው። ሐሳቡ የኛ አይደለም። የእንግሊዝ ፓርላማ የባህል ኮሚቴ በግንቦት 2024 ከትልልቅ አዳራሾችና ስታዲየሞች ትኬት ላይ መዋጮ እንዲነሳ ጠየቀ፤ መንግሥትም በኅዳር በጎ ነው አለ፤ በፈቃደኝነት እስከሆነ ድረስ። አንዳንዶች ሳይጠየቁ ጀምረዋል። ኢንተር ሺካሪ የተባለው ባንድ በ2024 ጉዞው ከየትኬቱ አንድ ፓውንድ ሰጠ። ኮልድፕሌይም በ2025 ሀልና ዌምብሌይ ላይ ካገኘው ገቢ 10 በመቶውን ለትንንሾቹ ቤቶች አዋለ። እግዜር ይስጣቸው።

ግን ፈቃደኝነቱ ላይ አንስማማም። የሰጠ ይመሰገናል፣ ያልሰጠ ምንም አይሆንም፤ በዚህ ዓይነት የቤት ኪራይ አይከፈልም። ፈረንሳዮች በሕግ ከኮንሰርት ትኬት ላይ 3.5 በመቶ እየሰበሰቡ መልሰው ለሙዚቃው ያውሉታል፤ ሙዚቃቸውም አልሞተም። "ትኬት ተወዷል፣ በሕዝቡ ላይ አትጨምሩበት" የሚሉ አሉ። መወደዱን ማን ይክዳል? በነሐሴ 2024 የኦኤሲስ ትኬት ሰው ወረፋ ላይ እያለ ከ150 ወደ 350 ፓውንድ ገደማ ሲዘል ግን ስለ ሕዝቡ ሲጨነቁ አልሰማንም። የጨመረው 200 ሲሆን ዝም፣ አንድ ፓውንድ ሲሆን እሪታ! "ገበያው ይፍረደው" የሚለውም ወገን አለ። ገበያው የሚፈርደው የዛሬውን ነው። ሠላሳ ሰው ፊት የተጫወተ ባንድ ሒሳቡ የሚወራረደው ከአሥር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ መብራቱን ማን ይክፈል?

ሕጉ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው ያልተቀመጡም አሉ። ማንቸስተር አቅራቢያ አተርተን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ስነግ የምትባል ቤት አለች፤ ቡና የሚጠጣባት፣ ባንድ የሚጫወትባት። ብዙ ሰዎች አክሲዮን እየገዙ ገንዘብ ያዋጡበት ማኅበር በ2023 ሕንፃዋን ከእነ ግድግዳዋ ገዛው። ማኅበሩ የገዛው የመጀመሪያው ቤት እሷ ናት።