ለባሌ ማን አለቀሰለት?

ለዛሬ የፍቅርና የትዳሩን ጣጣ ገታ እናድርገውና ስለ ለቅሶ እናውራ። ምክንያቱ አንዲት እናት የላከችልን ደብዳቤ ነው። ስሟም ሰፈሯም ይቆየን።

ባሏ ያረፈው ሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው። ከአስከሬኑ ናሙና ተወስዶ «ኮሮና አለበት» ተባለ። እሷና ሁለት ልጆቿ ለይቶ ማቆያ ገቡ፤ ቀብሩን በዓይኗ አላየችም። ስትመለስ ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፣ «እግዜር ያጥናሽ» የሚል የለ። ጎረቤት እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። እሷም ለጠየቃት ሁሉ «ስኳሩ ተነስቶበት ነው» ብላ ዘጋችው። «ትልቁ ልጄ ዛሬ 14 ዓመቱ ነው፤ አባቴ በምን ሞተ ይለኛል። ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ እውነቱን ብነግረው፣ ዝክሩንም ባወጣለት ሰው ይስቅብኝ ይሆን?» ትላለች።

እህቴ፣ ማን አባቱ ነው የሚስቀው? ማፈር የነበረበት ሰው ካለ አንቺ አይደለሽም!

እስቲ እናስታውስ። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተነገረ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል፣ መጨባበጥ ክልክል። እኔ አዋጁ ተገቢ ነበር ባይ ነኝ። የኛ ለቅሶ መተቃቀፍ ነው፤ ሚሊኒየም አዳራሽ የሕሙማን ማከሚያ በሆነበት ሰዓት ተቃቀፉ ሊባል አይችልም። ነገር ግን ተራራቁ ተባልን እንጂ ስልክ አትደውሉ መች ተባልን? ንፍሮ ቀቅሎ በር ላይ አስቀምጦ መሄድን የከለከለ አዋጅ አልነበረም። እጅ መታጠቡን ተማርን፤ ተራርቆ ማጽናናቱን ግን አልተማርንም።

ከዚያ ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነት መጣና «ባለፉት 24 ሰዓታት» የሚለው ዜና ከጆሯችን ጠፋ። በመንግሥት ቆጠራ የሞተው ከ7,500 በላይ ነው። ሳይመረመር የተቀበረው እዚህ ውስጥ የለም፤ «በስኳር ነው» ተብሎ የተሸፈነውንማ ማን ይቁጠረው?

አያቶቻችን ይሻላሉ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ላይ ብቻ እስከ 10,000 ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። ኅዳር 12 በየደጁ ቆሻሻ የሚቃጠለው ያንን በማሰብ ነው። (ዛሬማ ጭሱ ዓይናችንን ሲያቃጥለን እንራገማለን እንጂ ስለነማን እንደሚጤስ ስንቶቻችን እናውቃለን?) ለኮሮናው ሟቾች ጭስ እንኳ አላጤስንላቸውም።

ስለዚህ እህቴ፣ ለልጅሽ ንገሪው። 14 ዓመት ትንሽ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ካንቺ ይስማ። ዓለምን ሁሉ ያዳረሰ በሽታ ነው አባቱን የወሰደው፣ ምኑ ያሳፍራል? መቃብሩንም አሳዪው። ዝክሩን አቅምሽ በፈቀደው አድርጊ፤ ያኔ መንገድ የቀየሩትንም ጥሪያቸው። አንዳንዱ አፍሮ ይቀራል፤ አንዳንዱ ግን እስከ ዛሬ አንጀቱን ሲበላው የኖረ ነው፣ መጥቶ አልቅሶ ይወጣለት።

የእድር ዳኞችም ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ። ሰው መሰብሰብ ሲከለከል ገንዘቡን ለሐዘንተኛው ማን ያደርሳል? በየቀኑ ማን ይደውላል? ክልከላው ሲነሳስ ድንኳኑ በስንት ቀን ይተከላል? ይሄ በደህናው ቀን ካልተጻፈ በጭንቁ ቀን ማንም አይጽፈውም። የእህታችን እድር ደግሞ አንቀጹን ሳይጠብቅ ከሷ ደጅ ይጀምር።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።