በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብን

አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲሉ በችግር ላይ ችግር መደራረቡን መግለጣቸው ነው። ተረቱ በአፋችን ለምዶ ቀርቷል፤ ተረቱን የወለደው በሽታ ግን ዛሬም ከእናቶቻችን አንገት አልወረደም። በአዳማ፣ በመቂ ወይም በሻሸመኔ ገበያ ነጠላዋን አንገቷ ላይ አጥብቃ የጠመጠመች ሴት ስናይ «ብርድ ይዟት ይሆናል» ብለን እናልፋለን። በዚያ ፀሐይ ምን ብርድ አለ?

የስምጥ ሸለቆ ሕዝብ ውሃው ጥርስ እንደሚያበልዝ አሳምሮ ያውቃል። ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ የወንጂ ልጅ ሲስቅ ይታያልና። የጥርሱ ጉዳት ከመብዛት የመጣ ነው፤ የአንገቱ ግን በአብዛኛው ከማነስ። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጥረው ባለችው ለመሥራት ሲታገል ያብጣል፤ እጥረቱ ለዓመታት ሲቆይ በውስጡ እንደ ሽምብራ፣ አንዳንዴም እንደ እንቁላል ያሉ እባጮች ይበቅሉበታል። ያረገዘች ሴት አዮዲን ካጣች ደግሞ ጉዳቱ ለጽንሱ አእምሮ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆነ ልጆች ከ100ው 40 ያህሉ እንቅርት እንደነበረባቸው አሳይቷል።

ለምን ቢሉ፣ ጨዋችንን እንመልከት። ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ቀረ። በምትኩ የመጣው የአፍዴራ ጨው ያን ጊዜ አዮዲን አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ከ100 ቤት በ89ኙ አዮዲን ያለው ጨው ተገኘ። ይህ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አዮዲን መኖሩና በበቂ መጠን መኖሩ ለየቅል ነው። ክዳን በሌለው ዕቃ ፀሐይና እርጥበት የሚመታው ጨው አዮዲኑን እያጣ ይሄዳል።

ጆሮ ደግፉስ የት አለ? እሱ በእኛ በከተሜዎቹ ዘንድ እየመጣ ነው። ከበር እስከ በር በባጃጅ እንሄዳለን፤ ውሃ ሲጠማን ለስላሳ እንጠጣለን፤ ወገባችን ይሰፋል። በሆድ ዙሪያ ስብ ሲከማች ኢንሱሊን ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሰውነትም አብዝቶ ያመነጫል። ኢንሱሊን ስኳርን ከማስተዳደሩ ሌላ ሕዋሶችን «እደጉ» የሚል መልእክት አለው፤ የታይሮይድ ሕዋሶችም ይሰሙታል። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ጥናቶች የደም ስኳርና የደም ግፊት ከውፍረት ጋር በተደራረበባቸው ሰዎች ላይ የታይሮይድ እባጭ በብዛት አግኝተዋል። አብሮ መገኘት አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት አይደለም፤ ሆኖም አንገትን ከወገብ ለይቶ ማየት እንደማይበቃ ያስተምረናል።

ይህን ስንል ሰው ሁሉ ለአልትራሳውንድ ይሰለፍ ማለታችን አይደለም። ከ100 እባጭ ከ90 የሚበልጠው ካንሰር አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ጤነኛው ሁሉ መመርመር በመጀመሩ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2011 የታይሮይድ ካንሰር ተብሎ የተመዘገበው 15 እጥፍ ሆነ፤ የሟቹ ቁጥር ግን አልተለወጠም። ስንቱ ዕጢውን በከንቱ አስወጣ! ቶሎ የሚያድግ እባጭ፣ የሚጎረንን ድምፅ፣ አልዋጥ የሚል ጉሮሮ ሲኖር ግን ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ በነጠላ መሸፈን አይገባም።

ታዲያ እኛስ? የአዮዲንን ነገር ለፈተና አጥንተን ከፈተናው ወረቀት ጋር እናስረክበዋለን። ማኅበራችን የምንበላበትን አዳራሽ ጨው ያስመርምር፤ አንዲት ጠብታ መመርመሪያ ጨዉን ሰማያዊ ካደረገችው አዮዲን አለው፤ ይህንንም የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል። የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ቀን ሲደረግ ወገብም ይለካ፤ አንገትም ይዳሰስ። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ደግሞ ለእናቶቻችን «ጨዉ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር» እንበል። ይህን ለማለት ዲግሪ እስክንጭን መጠበቅ የለብንም።

ተረቱ በቋንቋችን ይኑር፤ በሽታው ግን ከወገኖቻችን አንገት ይውረድ!