ለሐዘን ድንኳን ያለው ማኅበር ለመኪና መደገፊያ ለምን ያንሰዋል?



በማኅበራችን ዕቃ ቤት ድንኳን አለ፤ ድስት አለ፤ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሰሃንና ብርጭቆውም በቁጥር ተመዝግቦ ተቀምጧል። ይህ ሁሉ ሐዘን ሲደርስ የሚወጣ ንብረት ነው። መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ሐዘኑ እንዳይደርስ የሚረዳ አንድ ዕቃ እንኳ በዚያ ቤት ውስጥ የለም። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ነው፤ በተለይም ዝቅ ያለችን መኪና በር ላይ በክሪክ አንሥቶ ከሥሯ ስለመግባት።

እሑድ እሑድ በየበሩ የሚታየውን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ዘይት ይቀይራል፤ አንዱ የፍሬን ሸራ ይለውጣል፤ ሌላው የላላ ማርሚታ በሽቦ ያስራል። ይህን የሚያደርግ ሰው ንፉግ ሆኖ አይደለም። የመለዋወጫውም የጋራዡም ዋጋ በናረበት ጊዜ የሚችለውን በቤቱ መሥራቱ የሚያስመሰግነው ነው። እኛም በቤታችሁ አትሥሩ አንልም። የምንለው፣ ከሥሯ ከመግባታችሁ በፊት መኪናዋ በምን ላይ እንደቆመች እወቁ ነው።

ችግሩ የሚብሰው ዝቅ ባለች መኪና ነው። በሠፈራችን ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ያላቸው ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ወጣቶቻችን ለማማር ብለው ሞላውን ቆርጠው ዝቅ ያደረጓት መኪና አለች፤ በእርጅና ሞላዋ የደከመም አለች። ተራው ባለ ጎማ ክሪክ እስከ መጨረሻው ወርዶ እንኳ ከመሬት 13 ወይም 14 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። የስፖርት መኪና ሆድ ግን ብዙውን ጊዜ ከመሬት የሚርቀው ከ10 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጎማ የተነፈሰ ዕለት ደግሞ ከዚያም ትወርዳለች። ታዲያ ክሪኩ አልገባ ሲል ሰው ምን ያደርጋል? ድንጋይ ይፈልጋል፤ ብሎኬት ይደራርባል፤ ጎረቤት ጠርቶ በትከሻ ያስነሣል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት በላይኛው መንገድ አንዲት እንዲህ ያለች መኪና በሁለት ብሎኬት ላይ ቆማ ሳለ ብሎኬቱ ፈረሰና በፍሬን ዲስኳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጁ በዚያች ደቂቃ ቁልፍ ሊዋስ ጎረቤት ገብቶ ነበር። ቁልፉ እጁ ላይ ቢኖር ኖሮ በማግስቱ ድንኳኑን እናወጣ ነበር። እናቱ እስከ ዛሬ ያንን ስፍራ ዘወር ብለው ነው የሚያልፉት።

ብሎኬት ግድግዳ ይሸከማል፣ መኪና እንዴት ያቅተዋል? የሚል አለ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። በግድግዳ ላይ ሸክሙ በሰፊው ተዘርግቶ ነው የሚያርፍበት። የመኪና ክብደት ግን በአንድ ጠባብ ብረት በኩል አንድ ነጥብ ላይ ይወርድበታል። ሲሰበርም እንደ እንጨት ሲጥ ብሎ አያስጠነቅቅም፤ በአንድ ጊዜ ነው የሚበተነው። አንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ባዶዋን 10 ኩንታል ገደማ ትመዝናለች። ግማሹ ብቻ ደረት ላይ ቢያርፍ፣ ሰው አጥንቱ ባይሰበር እንኳ መተንፈስ አቅቶት በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል።

ሁለተኛው ስሕተት ክሪክን ማመን ነው። ክሪክ ያነሣል እንጂ አቁሞ አይጠብቅም። የዘይት ክሪክ ሸክሙን የሚይዘው በውስጡ በታፈነ ዘይትና በትንሽ ጎማ ነው። ያቺ ጎማ ያረጀች ቀን ዘይቱ ያፈተልካል፤ መኪናዋም ትወርዳለች። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ባለ ጥምዝ ክሪክ ደግሞ መንገድ ላይ ጎማ ለመቀየር ብቻ የተሠራ ነው፤ ትንሽ ገፋ ቢያደርጉት ይጋደማል። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ራስ ቀርቶ እጅም አይገባም።

እንግዲህ አሠራሩን ሾፌሮችና መካኒኮች ከሆኑ ማኅበርተኞቻችን ጋር ተነጋግረን እንደሚከተለው አስፍረነዋል።

1ኛ/ ቦታው ሜዳና ጠንካራ ይሁን። ሊሾ ከሁሉ ይሻላል። ባለ ጎማ ክሪክ መኪናዋን ሲያነሣ ራሱም ትንሽ መንከባለል አለበት፤ በኮብልስቶን ላይ ጎማው ስንጥቅ ውስጥ ከገባ መንከባለሉን ይተውና መኪናዋ ከላዩ ትንሸራተታለች። አፈር ላይ ደግሞ መደገፊያው ይሰምጣል። በዳገት ላይስ ፈጽሞ አይሞከርም።

2ኛ/ መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። የእጅ ፍሬን ብቻ አይበቃም። በአብዛኞቹ መኪናዎች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ ስለዚህ ኋላዋ ሲነሣ የሚይዛት ነገር የለም ማለት ነው። ማርሽ ውስጥ ማስገባትም ደግ ነው፤ ግን የታኮን ቦታ አይተካም። ጎማ የሚፈታ ከሆነ ብሎኖቹን ሳትነሣ በፊት መሬት ላይ እያለች ጥቂት አላሉ። ተነሥታ ሳለ መታገል ከመደገፊያዋ ያወርዳታል።

3ኛ/ ክሪኩ ካልገባ ድንጋይ አትፈልጉ። 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከጎማው ሰፋ ያለ ሁለት ጠንካራ ጣውላ አዘጋጁ፤ ጫፉን በሰያፍ አስጠርቡ። መኪናዋን ቀስ ብላችሁ በጣውላው ላይ ንዱ፤ ቀጥሎ ታኮውን አስገቡ። በዚያች ጥቂት ከፍታ ክሪኩ ይገባል። ልብ በሉ፤ ጣውላው ክሪኩን ለማስገባት ነው እንጂ ከሥር ለመተኛት አይደለም።

4ኛ/ ክሪኩ የትም አያርፍም። ከፊት ጎማ በስተኋላና ከኋላ ጎማ በስተፊት፣ ከበሩ በታች ባለው የብረት ጠርዝ ላይ ለዚሁ የተሠራ ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ትንንሽ ጭረት ይታይበታል። ጠርዙ እንዳይጨፈለቅ መሐሉ የተቦረቦረ ወፍራም ጎማ ጣልቃ ይገባል። የሞተር ዘይት ኮፓ፣ የወለል ቆርቆሮና ቱቦ ሸክም አይችሉም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ በሠፈራችን የበዙት የባትሪ መኪናዎች ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይሻሉ። ባትሪያቸው ያለው ወለሉ ሥር ነው፤ ክሪክ ባትሪው ላይ ካረፈ ጉዳቱ እስከ እሳት ሊደርስ ይችላል። ከእነርሱም ከ15 ኩንታል በላይ የሚመዝኑ አሉና የክሪኩ አቅም ይታይ።

5ኛ/ እንደተነሣች መደገፊያ ይግባ። መደገፊያ የምንለው ከታች ሰፊ እግር፣ ከላይ ሹካ የመሰለ ራስ ያለውን፣ ከፍታው በጥርስ ወይም በወፍራም ፒን የሚያዘውን ብረት ነው። ሁለቱ እኩል ከፍታ ይኑራቸው። ክሪኩን አውርዳችሁ ክብደቷን በእነርሱ ላይ አሳርፉ። ከዚያ ከሥር ሳትገቡ ከጎን ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ፈትኗት። መውደቋ ካልቀረ አሁን ትውደቅ። የተፈታውንም ጎማ ከጎኗ ሥር አጋድሙት፤ መደገፊያው ቢከዳ እርሱ ይቀበላታል።

6ኛ/ ብቻውን ማንም አይግባ። አንድ ሰው ከውጭ ይቁም፤ ሕፃናትም ይራቁ። የሞተር ቁልፉን የሚሠራው ሰው ኪሱ ይያዘው። ክፉ ነገር ከደረሰ ግን ማልቀሱን ትታችሁ ክሪኩን መልሳችሁ አስገቡና አንሡ፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳትና አደጋ 939 ደውሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል ዕቃው የታለ? የሚል ጥያቄ ይመጣል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለዝቅተኛ መኪና የተሠራ፣ ሲወርድ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ክሪክ በገበያ አለ። መደገፊያውም አለ። ግን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚጠቀምበት ሥራ እያንዳንዱ ሰው ለየራሱ ይግዛ ማለት ማንም አይግዛ ማለት ነው። ድንኳንንስ ለየራሳችን አልገዛንም፤ በጋራ ነው የገዛነው።

ስለዚህ ማኅበሩ አንድ ዝቅተኛ ክሪክ፣ አራት መደገፊያ፣ አራት ታኮና ሁለት ጣውላ እንዲገዛ ሐሳብ እናቀርባለን። እንደ ድስቱ በመዝገብ እየተፈረመ ይውጣ፤ በዕለቱ ይመለስ። ለሕፃን አይሰጥ። ብቻዬን ነው የምሠራው ለሚልም አይሰጥ። በሩ ላይ ሜዳ የሌለው ደግሞ የማኅበሩ ግቢ ሊሾ ነውና፣ ሐዘን ወይም ስብሰባ በሌለ ቀን እዚያ ገብቶ ይሥራ።

አንዳንድ ማኅበርተኞች ይህን ስንነግራቸው ቅር ብሏቸዋል። መኪና ያለው ሀብታም ነው፤ በድኻ መዋጮ ክሪክ ሊገዛለት ነው ወይ? ይላሉ። ቅሬታው ከባዶ አልተነሣም፤ መዋጮው ከስንት ጉድለት ተርፎ እንደሚመጣ እናውቃለን። ነገር ግን እስቲ በየበሩ ከመኪና ሥር የሚወጡትን እግሮች ተመልከቱ። የባለ መኪናው እግር ስንት ጊዜ ነው? ብዙውን ጊዜ የቅጥር ሾፌሩ ነው፤ ሙያ ሊለምድ የመጣው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ለሻይ ታህል ተብሎ የተጠራ ወጣት ነው። ክሪክ የሚገዛው ለመኪናዋ አይደለም፤ ከሥሯ ለሚተኛው ነው። እርሱም መኪና የለውም፤ እናት ግን አለችው፤ እናቱም የዚህ ማኅበር መዋጮ ከፋይ ናት።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል። የማኅበራችን ዓላማ መረዳዳት ከሆነ መረዳዳቱ ከሬሳ ሣጥን ብቻ የሚጀምርበት ምክንያት አይታየንም። ጉዳዩን በመጪው ጠቅላላ ጉባዔ እናቀርባለን። የዕቃዎቹን ዋጋ ከሦስት ሱቅ አጣርተን ከስብሰባው በፊት በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። የምትደግፉም የምትቃወሙም ቀርታችሁ ኋላ ከማማት መጥታችሁ እጃችሁን አውጡ። እስከዚያው ድረስ ግን አደራ፣ በብሎኬት ላይ በቆመች መኪና ሥር የተኛ ሰው ያየ ሁሉ ዝም ብሎ አይለፍ፤ አስነሥቶ ያስወጣው። ቢቆጣም ይቆጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ